ሞተ ብዬ የነቀልኩት ጄራኒየም

(ይህ ጽሑፍ ጓሮ ለሚያለሙ ሰዎች በቃል ያቀረብኩት ንግግር ነው። ወረቀት ላይ ሳሰፍረው መደጋገሙን ቀነስኩ እንጂ አነጋገሬን ብዙም አልነካሁትም። ዓመተ ምሕረቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

እንደምን አላችሁ። ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

ከጥፋቴ ልጀምር። አበባ መትከል በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት አንድ ጄራኒየም ነበረኝ። አበባው ሰማያዊ፣ ቁመቱ እስከ ጉልበቴ። ሙቀቱ እያለ ጓሮውን ሞላው። ብርዱ ሲገባ ቅጠሉ ቢጫ ሆነ፣ ቀጥሎ ቡናማ ሆነ፣ ከዚያ ጭራሽ ጠፋ። መሬቱ ባዶ ቀረ። «አለቀለት» አልኩ። አካፋ አንስቼ ሥሩን ነቀልኩትና ብስባሽ የምከምርበት ጥግ ላይ ወረወርኩት። በቦታው ሌላ ነገር ተከልኩበት።

ብርዱ አልፎ ወደዚያ ጥግ ብሄድ ምን አየሁ? ከእንቁላል ቅርፊትና ከሽንኩርት ልጣጭ መሃል፣ እንደ እጅ ጣት የተከፋፈለ አረንጓዴ ቅጠል ብቅ ብሏል። አንድ ብቻ ቢሆን በአጋጣሚ ነው እል ነበር። እፍኝ ሙሉ ነው! እኔ ሞተ ያልኩት ተኝቶ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው ጓሮ ውስጥ ያንኑ ጥፋት አይቻለሁ። ይህን ተክል ቸል ያለው ሰው ብዙም አይጎዳውም። የሚጎዳው በጣም የሚያስብለት ነው። ሲተኛ ይነቅለዋል፣ ሲበላ ያጠግበዋል፣ ሲጠማ ሳይሆን እሱ ሲሰለቸው ያጠጣዋል። መቀስ ማንሳት ባለበት ሰዓት ግን አንጀቱ አይችልም። ዛሬ ከማወራው ውስጥ አንዱን ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ የመቀሱን ነገር ያዙልኝ። እዚያ እስክንደርስ ግን ታገሱኝ።

መጀመሪያ በስሙ እንስማማ። ጄራኒየም ስል ብዙዎቻችሁ በረንዳ ላይ በሸክላ ተተክሎ የሚታየው ትዝ ይላችኋል። ግንዱ ወፍራም፣ ቅጠሉ ክብ፣ አበባው እንደ ኳስ ተሰብስቦ ቀይ የሚያብበው። እሱ የዛሬው ባለጉዳይ አይደለም። ትክክለኛ ስሙ ፔላርጎኒየም ነው። አብዛኞቹ ዝርያዎቹ ከአፍሪካ ደቡባዊ ጫፍ የተገኙ ናቸው፤ ውርጭ አይችሉም። የኛው ጄራኒየም ግን ከላይ ሞቶ ከታች ይኖራል። ብዙዎቹ ዝርያዎቹ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪን መሬት ውስጥ ሆነው ያሳልፉታል። ከዚያም በላይ የሚችሉ አሉ።

ለስሙ መደባለቅ ተጠያቂው አለ። ስዊድናዊው ካርል ሊኔየስ በ1753 ለዕፅዋት ሁሉ ስም ሲያወጣ ሁለቱንም ጄራኒየም ብሎ መዘገባቸው። ከ36 ዓመት በኋላ፣ በ1789፣ ፈረንሳዊው ሻርል ሌሪቲዬ ፔላርጎኒየምን ለብቻው አወጣው። ሊቃውንቱ ተቀበሉት። ገበያው ግን እስከ ዛሬ አልሰማም። ስለዚህ ችግኝ ልትገዙ ስትሄዱ «ጄራኒየም አለ?» ብቻ አትበሉ። «በብርድ የማይሞት፣ መሬት ላይ የሚተከል፣ በየዓመቱ የሚመለስ» በሉ። ያኔ ሻጩ ካላወቀ ፊቱ ላይ ታዩታላችሁ።

ራሳችሁም መለየት ትችላላችሁ። አበባውን ፊት ለፊት እዩት። የጄራኒየም አምስቱ የአበባ ቅጠሎች እኩል ናቸው፤ እንደ ኮከብ። የፔላርጎኒየም ላይኞቹ ሁለቱ ከታችኞቹ ሦስቱ በመጠን ወይም በቀለም ይለያሉ። ዓይናችሁ ደህና ከሆነ ወንዴዘሮቹን፣ መሃል ላይ ዱቄት የሚይዙትን ቀጫጭን ክሮች፣ ቁጠሩ። ጄራኒየም ላይ አብዛኛውን ጊዜ ዱቄት ያላቸው 10 ናቸው። ፔላርጎኒየም ላይ ከ7 አይበልጡም።

ስሙ የመጣው ከዘሩ ነው። አበባው ሲረግፍ መሃሉ ላይ እንደ ወፍ ምንቃር የሾለ ነገር ይቀራል። ጌራኖስ በግሪክኛ ክሬን የምትባለዋ ወፍ ናት። ክሬን ስንል ሕንፃ ላይ የሚቆመው ማሽን ነው የሚመጣብን፤ ማሽኑም ስሙን ያገኘው ከዚያችው አንገተ ረጅም ወፍ ነው። ፔላርጎኒየም ደግሞ ከሽመላ ነው የተሰየመው። ኤሮዲየም የሚባል ሌላ ዘመድ አላቸው፤ እሱ ከሳቢሳ። ሦስት ዘመዳሞች፣ ሦስት ምንቃራሞች።

ያ ምንቃር ለጌጥ አይደለም። በሥሩ ዙሪያ አምስት ትናንሽ ማንኪያ የሚመስሉ ነገሮች አሉ፤ እያንዳንዳቸው ዘር ይይዛሉ። ማንኪያውን ከምንቃሩ ጫፍ ጋር የሚያያይዝ ቀጭን ዘንግ አለ። ሲደርቅ ዘንጉ ይወጠራል። ውጥረቱ ሲበዛ በአንዴ ወደ ላይ ይቀለበሳል። ዘሩም እንደ ወንጭፍ ድንጋይ ተስፈንጥሮ ጥቂት ሜትሮች ርቆ ይወድቃል። «ይህን እኮ እዚህ አልተከልኩትም» የምትሉት ቡቃያ የመጣው ከዚያ ነው። እንዳይበተን ከፈለጋችሁ ምንቃሩ ገና አረንጓዴ እያለ ቁረጡት። ከደረቀ በኋላ ከነካችሁት የወንጭፉን ምላጭ የሳባችሁት እናንተው ናችሁ።

አንድ ነገር ላክል፤ ከእንክብካቤው ጋር ቀጥታ አይገናኝም፣ ግን ይህን አበባ ያስወደደኝ እሱ ነው። በ1787 ክርስቲያን ኮንራድ ሽፕሬንግል የሚባል ጀርመናዊ የጫካ ጄራኒየም አበባ ይዞ ይመለከት ነበር። ሥራው መምህርነት ነው። ከአበባው ቅጠል ግርጌ በጣም ቀጫጭን ፀጉሮች አየ። እኔና እናንተ ብንሆን አይተን እናልፍ ነበር። እሱ ግን «እነዚህ ለምን እዚህ ሆኑ?» አለ። ከሥራቸው የአበባ ወለላ አለ። ፀጉሮቹ ዝናቡ ገብቶ ወለላውን እንዳያቀጥነው ይከላከላሉ ብሎ አሰበ። ታዲያ ወለላው የሚጠበቀው ለማን ነው? ለነፍሳት። ነፍሳቱስ ምን ይከፍላሉ? ዱቄቱን ከአበባ ወደ አበባ ያደርሳሉ። ከዚህ ከአንድ የፀጉር ጥያቄ ተነስቶ በ1793 ስለ አበቦችና ነፍሳት አንድ ትልቅ መጽሐፍ አሳተመ። በዘመኑ ብዙ ሰው አልተቀበለውም። ከብዙ ዓመታት በኋላ ዋጋውን ያወቀለት ቻርለስ ዳርዊን ነው።

ይህን በራሳችሁ ዓይን ማረጋገጥ ትችላላችሁ። ጠዋት ፀሐይ ሲሞቅ ጄራኒየም አጠገብ ቁሙ። ንቡ መጥቶ መሃል ያርፋል፣ አፉን ወደ አበባው ግርጌ ይሰዳል፣ እየዞረ ከአምስቱም ቦታ ይቀምሳል። የአበባው ቅጠል ላይ ያሉት መስመሮች ወደ መሃል የሚጠቁሙ መንገዶች ናቸው። ይህን ካያችሁ በኋላ መድኃኒት ለመርጨት እጃችሁ ይከብዳል። ይክበድ።

እሺ፣ ወደ ሥራው እንግባ።

ከ400 በላይ የጄራኒየም ዝርያዎች አሉ። ከአንታርክቲካ በቀር በሁሉም አህጉር ይገኛሉ። ወገብ አካባቢ ደግሞ ከፍ ያሉ ተራሮች ላይ ይበቅላሉ። ይህ ብዛት ጥሩም መጥፎም ነው። ጥሩነቱ፣ ለየትኛውም ቦታ የሚሆን አንድ አይጠፋም። መጥፎው ደግሞ ሰው ቦታውን ትቶ ቀለሙን መምረጡ ነው። እኔ «የትኛው ያምራል?» ተብዬ ስጠየቅ «ቦታህ ምን ይመስላል?» ብዬ ነው የምመልሰው። ሰው ይናደድብኛል።

በጣም የሚያስቸግረው ቦታ ዛፍ ሥር ነው። ጥላ ነው፣ ደግሞም ደረቅ ነው፤ ዛፉ ውሃውን ይጠጣዋል። እዚያ ምንም አልበቅል አለኝ የሚል ሰው ካለ ጄራኒየም ማክሮራይዘምን ይሞክር። ስሙ ከብዷችሁ ከሆነ ትርጉሙ «ትልቅ ሥር» ነው። በመሬት ገጽ ላይ የሚሳብ ወፍራም ግንድ አለው፤ እየተሳበ ቦታውን ይሸፍናል። ቁመቱ ከ30 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ነው። ቅጠሉን በእጃችሁ ብታሹት ጠንካራ ሽታ ይሰጣል። ደስ የሚለውም የሚያቅለሸልሸውም ሰው አለ፤ እኔ ከመጀመሪያዎቹ ነኝ። ቡልጋሪያዎች ዝድራቬትስ ይሉታል። ስሙ «ጤና» ከሚለው ቃል የመጣ ነው፣ ከቅጠሉም ዘይት ይወጣል። በብርድ ጊዜ እንደ ሌሎቹ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። ከፊል ቅጠሉ ይቀራል፣ ከፊሉ ወደ ቀይ ይለወጣል። አረም ከሥሩ ብርሃን ስለማያገኝ ይተወዋል። ለሰነፍ ሰው ከዚህ የተሻለ ተክል አላውቅም። ራሴን ጨምሬ ነው።

ጥላው ያን ያህል ደረቅ ካልሆነ ጄራኒየም ፌየም አለ። አበባው ትንሽ ነው፣ ግን ቀለሙ ወደ ጥቁርነት የሚያደላ ወይን ጠጅ ነው። እንግሊዞች ሐዘንተኛዋ ባልቴት ይሉታል። ከሩቅ አይታይም። ጠጋ ብሎ የሚያይ ሰው ያለበት መንገድ ዳር ትከሉት። ዘሩን ስለሚበትን ተጠንቀቁ።

ፀሐይ የሚመታው፣ አሸዋማ ወይም ድንጋያማ ቦታ ካላችሁ ሳንጉዊንየም ነው የሚሆነው። ስሙ «የደም» ማለት ነው። እሱ ድርቅ አይፈራም። ቁመቱ አጭር ነው፣ እንደ ትራስ ተድቦልቡሎ ይቀመጣል። አበባው ደማቅ ሐምራዊ ነው። ብርዱ ሲቃረብ ቅጠሉ ይቀላል። እኔ ጋ ያለው አንዱ ውሃ ካጠጣሁት ዓመታት አልፈዋል። አፍሬ ሳይሆን ኮርቼ ነው የምናገረው።

ቁመት የሚፈልግ ሰው ሲሎስቴመንን ይጠይቅ። ከአንድ ሜትር ይበልጣል። አበባው ዓይን የሚወጋ ሐምራዊ ሆኖ መሃሉ ጥቁር ነው። አንዳንዱ ሰው ቀለሙ ይጮህብኛል ይላል። ይጮሃል፤ ውበቱም እሱ ነው። ከጎኑ ግን ሌላ የሚጮህ ነገር አታስቀምጡ።

ማኛውን ላለመጥቀስ አልችልም። ዲቃላ ነው፣ በላቲን ማግኒፊከም ይባላል፣ ትርጉሙም እንደዚያው ነው። ሰማያዊና ወይን ጠጅ የተቀላቀለበት ትልልቅ አበባ፣ ጥቁር መስመር ያለው። ሲያብብ ቅጠሉ አይታይም። ችግሩ ጥቂት ሳምንት አብቦ ለዚያ ዓመት በቃኝ ማለቱ ነው። አንዳንዱ ለሦስት ሳምንት ብሎ ቦታ አይሰጠውም። እኔ እሰጠዋለሁ።

ሦስት ሳምንት አይበቃኝም ለምትሉ ሮዛን አለች። ታሪኳ ደስ ይላል። በ1989 እንግሊዝ አገር፣ ሶመርሴት ውስጥ፣ ዶናልድና ሮዛን ዋተረር የሚባሉ ባልና ሚስት ጓሯቸው ውስጥ ከሌሎቹ የተለየ ጄራኒየም አዩ። አበባው ሰማያዊ፣ መሃሉ ነጭ ነው። ሁለት የሂማላያ አካባቢ ዝርያዎች በንብ አማካይነት እዚያው ጓሮ ውስጥ ተዳቅለው ነበር። ማንም ሳይንቲስት እጁን አላስገባበትም። በ2000 ለሽያጭ ቀረበች፣ በ2008 በአሜሪካ የዓመቱ ምርጥ ዘላቂ ተክል ተባለች፣ በ2013 ደግሞ በእንግሊዝ የቼልሲ የአበባ ትርኢት መቶኛ ዓመት ላይ የመቶ ዓመቱ ተክል ተብላ በሕዝብ ድምፅ ተመረጠች። ምክንያቱ ቀላል ነው። ሙቀቱ ሲጀምር አበባ ትጀምራለች፣ ውርጭ እስኪመታት አታቆምም። መካን ናት፤ ዘር ስለማታፈራ ጉልበቷን ሁሉ አበባ ላይ ታውለዋለች። አንድ ቅር የሚለኝ ነገር ቢኖር አሁን በየሄድኩበት እሷ ብቻ መሆኗ ነው። ውሰዷት፤ ግን እሷን ይዛችሁ ሌሎቹን አትርሱ።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ማዴሬንዜ የሚባል፣ ከማዴራ ደሴት የመጣ ግዙፍ ጄራኒየም አለ። ፎቶውን ያየ ሰው ሁሉ ይመኘዋል። ውርጭ አይችልም፤ ደግሞም አንዴ በትልቁ አብቦ ይሞታል። ለዛሬው ዓላማችን አይሆንም።

አተካከሉ ላይ ብዙ አልቆይም፣ ብዙ የሚባል ነገር የለውም። ብርዱ ሲያበቃ ወይም ሙቀቱ ሲበርድ ትከሉ። መሬቱ ውሃ የሚያቁር እስካልሆነ ድረስ ዓይነቱ ብዙም አያስጨንቅም። ጥቂት የበሰለ ብስባሽ ቀላቅሉ። ችግኙ በነበረበት ጥልቀት ልክ ቅበሩት። ለትንንሾቹ 30፣ ለትልልቆቹ 60 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ተዉ። መጀመሪያ ላይ ባዶ ይመስላል፣ በሁለተኛው ዓመት ይገናኛሉ። በመጀመሪያው ዓመት ሳይደርቅ አጠጡት፤ በየቀኑ ጠብ ጠብ ከማድረግ በሳምንት አንዴ በደንብ ማርከፍከፍ ይሻላል። ማዳበሪያ አታብዙ። የጠገበ ጄራኒየም ቅጠሉ ይበዛል፣ ግንዱ ይረዝማል፣ ከዚያ መሃሉ ተከፍቶ ይጋደማል።

ከመትከላችሁ በፊት ግን ሰርዶውን ንቀሉ። ይህን በእንባ ነው የምነግራችሁ። አንዴ ቸኩዬ ሰርዶ ያለበት መሬት ላይ ተከልኩ። ጄራኒየሙ ሲሰፋ ሰርዶው በመሃሉ ገባ። ሥርና ሥር ተቋጠረ። አንዱን ሳትነቅል ሌላውን መንቀል አይቻልም። በመጨረሻ ሁሉንም ቆፍሬ አውጥቼ፣ ሥሩን በውሃ አጥቤ፣ ክር በክር ለየሁት። ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ጀርባዬ እስካሁን ያስታውሰዋል። ጄራኒየም ከዘር የሚበቅል አረምን ይከላከላል፤ ቀድሞ መሬቱን የያዘ ሰርዶን ግን አያሸንፍም።

አሁን መቀሱ።

የመጀመሪያው ዙር አበባ ሲያልቅ ተክሉ ያስጠላል። ቅጠሉ ይገረጣል፣ ግንዱ ይዝረከረካል፣ መሃሉ ባዶ ይሆናል። ሰው በዚህ ጊዜ ሁለት ነገር ያደርጋል። አንዱ ውሃና ማዳበሪያ ይጨምርበታል። ሌላው የደረቀ አበባ እየለቀመ ሰዓታት ያጠፋል። ሁለቱም ልፋት ነው። የሚሻለው በእፍኛችሁ ሰብስባችሁ ከመሬት አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ትታችሁ መከርከም ነው። ሁሉንም። ቅጠሉንም ጭምር። አዎ፣ አረንጓዴውንም።

ፊታችሁን እያየሁት ነው። መጀመሪያ ስሰማ እኔም እንደዚሁ ነው የሆንኩት። ያደረግሁትም በብልጠት ነበር፤ ከሁለት አንዱን ቆረጥኩ፣ ሌላውን ተውኩ። የተቆረጠው ለሁለት ሳምንት የተላጨ ራስ መሰለ። ያለፈ ያገደመ ሰው «ምን ሆነ?» ይለኝ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት አዲስ፣ ንጹሕ፣ ለምለም ቅጠል አወጣ። ትንሽ ቆይቶ ጥቂት አበባም ጨመረ። ያልተቆረጠው ነጭ ዱቄት በመሰለ ሻጋታ ተሸፍኖ ከጎኑ ቆሞ ነበር። ከዚያ ወዲህ መቀሴ አይራራም።

ምክንያቱ አስማት አይደለም። ተክሉ ቀጣዩን ቡቃያ ከመሬቱ ደረጃ፣ ከሥሩ አናት ላይ አዘጋጅቶ ነው የሚጠብቀው። አሮጌው ቅጠል ብርሃን ከልክሎታል። ቆርጣችሁ ስታነሱለት ይነሳል። ዘር ለማፍራት የሚያወጣውን ጉልበትም ታተርፉለታላችሁ። ሻጋታውም አሮጌ ቅጠል ላይ ነው የሚብሰው። ከቆረጣችሁ በኋላ አንዴ በደንብ አጠጡት፣ ከላይ ጥቂት ብስባሽ አልብሱት፣ ከዚያ ተዉት።

ነገር ግን ሁሉንም እኩል አትቁረጡ። ይህን ሳልነግራችሁ ብለቃችሁ ነገ ትረግሙኛላችሁ። እስከ መሬት የሚቆረጡት በአንድ ግፊት ወደ ላይ የሚያድጉት ናቸው፤ ፌየም፣ ማግኒፊከም፣ የጫካውና የሜዳው ጄራኒየም፣ ኦክሶኒያነም የሚባለው ሮዝ ዲቃላ። ኦክሶኒያነም እንዲያውም በዓመት ሁለቴ ቢቆረጥ ይወዳል፣ ካልቆረጣችሁት ጎረቤቱን ይወርሳል። ማክሮራይዘም ላይ የደረቀውን የአበባ ግንድ ብቻ አንሱ። ሳንጉዊንየምን ዙሪያውን ከርከም ማድረግ ይበቃል። ሮዛን ስትበታተን ግማሿን ብታሳጥሯት ተሰብስባ ትመለሳለች፤ ባትነኳትም ትኖራለች። ድንጋይ መሃል የሚኖሩትን ድንክ ድንኮቹን፣ እነ ሲኔሪየምን፣ ለመቀስ አትስጧቸው። እነሱ የሚፈልጉት ውሃ ቶሎ የሚያሳልፍ ጠጠራማ መሬት ነው። የሚገድላቸው ብርዱ ሳይሆን በብርድ ጊዜ ሥራቸው ላይ የሚቆም ውሃ ነው።

ቦታው ሁሉ በአንዴ እንዳይራቆት የሚፈራ ሰው በየሳምንቱ ግማሽ ግማሹን ይቁረጥ።

ማባዛትስ? ደስታው እዚህ ነው። ሦስት አራት ዓመት ሲሆነው መሃሉ እንጨት እንጨት ይላል፣ አበባውም ወደ ዳር ይሸሻል። ያኔ በመቆፈሪያ ሹካ ዙሪያውን አላልታችሁ አውጡት። በቢላ ወይም በአካፋ ክፈሉት። እያንዳንዱ ክፋይ ሥርም ቡቃያም ይኑረው። ከዳር ያለው ወጣቱ ነው፣ እሱን መልሳችሁ ትከሉ። መሃሉን ጣሉት። ማክሮራይዘም ይህን ያህል ክብርም አያስፈልገውም። አንድ ክንድ በእጃችሁ ገንጥላችሁ፣ ቅጠሉን ከላይ አስቀርታችሁ ግንዱን አፈር ውስጥ ስትቀብሩት ሥር ይሰዳል። ሮዛን ግን ብዙ ቅርንጫፍ ይኑራት እንጂ ከታች አንድ ጉቶ ናት። ለመክፈል ታስቸግራለች። ከጉቶዋ አጠገብ የሚወጣውን ለጋ ቡቃያ ቆርጦ ማብቀል ይቀላል።

ከዘር ማብቀልም ይቻላል። የዘሩ ቅርፊት ጠንካራ ነው፣ ውሃ አያስገባም። በብርጭቆ ወረቀት ቀስ ብሎ ማሸት ይረዳል። ግን ስም ካለው ዲቃላ ዘር ወስዳችሁ እናቱን እጠብቃለሁ ካላችሁ ታዝናላችሁ። ልጅ እናቱን ላይመስል ይችላል። አንዳንዴ ከእናቱ ይበልጣል፤ ሮዛንም የመጣችው እንዲሁ ነው።

ጠላቶቹ ጥቂት ናቸው። ቀንድ አውጣ ለጋውን ይቀምሳል እንጂ አይጨርሰውም። ቅጠል መሃል ክብ ክብ ቀዳዳ የሚያበጅ አረንጓዴ ትል አለ፤ ያስቀይማል እንጂ አይገድልም። በእውነት የሚያስፈራው አንድ ጥቁር ጥንዚዛ ነው። ያደገው ጥንዚዛ ሌሊት የቅጠሉን ጠርዝ እንደ ቲኬት ይበሳዋል። እሱ ግድ የለም። ልጁ፣ ነጩ ትል፣ ግን ሥር ውስጥ ነው የሚኖረው። ደህና የነበረ ተክል ያለምክንያት ጠውልጎ፣ ሳብ ስታደርጉት እንደ ባርኔጣ በእጃችሁ ከቀረ አፈሩን ፈትሹ። በሸክላ የተተከለ ላይ ይብሳል።

ከጥያቄዎቹ ጥቂቱን ላስገባ።

አንዲት እናት «ልጄ፣ እኔ ጓሮ የለኝም፣ በሸክላ አይሆንም?» አሉኝ። ይሆናል እማዬ። ሰፊ ሸክላ ይምረጡ፣ ታቹ ቀዳዳ ይኑረው፣ ውሃውን ከመሬቱ በበለጠ ይከታተሉት። ሮዛን ከሸክላ ጠርዝ ላይ ስትንዠረገግ ታምራለች። ድንኮቹም ሸክላ ይስማማቸዋል።

አንድ ወጣት «ብርድ የሌለበት አገርስ?» አለ። ሙቀትና ወበቅ ዓመቱን ሙሉ የሚበረታበት ቆላ ላይ አልመክርም። ብዙዎቹ የሚያርፉበት ቀዝቃዛ ወቅት ይፈልጋሉ። ሌሊቱ የሚቀዘቅዝ ደጋ ከሆነ መሞከር ነው፤ ከሰዓት በኋላ ጥላ ስጣቸው።

«ደረቀ ወይስ ተኛ፣ በምን ልለይ?» ያሉኝም አሉ። ጥሩ ጥያቄ ነው፣ እኔ ያኔ አልጠየቅሁትም። አፈሩን በጣታችሁ ገለጥ አድርጉ። ከሥሩ አናት ላይ ጠንከር ያለ፣ ሮዝ ወይም አረንጓዴ ጫፍ ያለው እምቡጥ ካለ ተኝቷል። አልብሱትና ሂዱ። ሥሩ ከላሸቀና ከሸተተ አልቋል። የሚረሳ ሰው ከሆናችሁ ቅጠሉ ሳይጠፋ አጠገቡ እንጨት ትከሉ፣ ስሙንም ጻፉበት። እርሳስ ይሻላል፣ እስክሪብቶ ፀሐይ ያጠፋዋል።

የመጨረሻው ጥያቄ ከኋላ መጣ። «ያ የነቀልከውስ የት ደረሰ?» 

እዚያው ነው። ልመልሰው ብዬ ነበር፣ በቦታው ሌላ ነገር ተተክሎበታል። ስለዚህ ብስባሹን ነው ሌላ ጥግ ያዛወርኩት።